ጠባሳዬ ላይ የተቀመጠው

ሰኞ፣ ግንቦት 4

"እርግዝና ነው፤ ግን ቦታው ልክ አይደለም" አለኝ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከአልትራሳውንዱ ሳያነሳ።

ከዚራ ያለው ክሊኒክ የሄድኩት እኮ ጠብ ጠብ የምትል ደም አይቼ፣ ለማንኛውም ልታይ ብዬ ነው። ሱቁን ለጎረቤቴ ለፋጡማ ትቼ፣ "መጣሁ" ብያት። እርጉዝ መሆኔንማ ቤቴ መርምሬ አውቄያለሁ። ለባሌ ለዮናስም ነግሬው፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ በደስታ ክላክስ ሲነፋ በስልክ ሰምቼዋለሁ። የፎሊክ ኪኒን እንኳ ገዝቼ ጀምሬ ነበር።

"የመጀመሪያ ልጅሽን በኦፕራሲዮን ነው የወለድሽው?"

አዎ። ቤዛን። አራት ዓመቷ ነው።

"ፅንሱ የተቀመጠው ያኔ የተሰፋሽበት ጠባሳ ላይ ነው። ማህፀንሽ ውስጥ ስንት ቦታ እያለ ሄዶ እዚያ ተለጥፏል።"

የስፌት ነገር ለኔ አይነገርም። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ መጋረጃ ነው የምሸጠው። የሳሳ ስፌት ላይ ክብደት ሲንጠለጠል ከየት እንደሚጀምር አውቃለሁ። እሱም ያንኑ ነው የነገረኝ። ካደገ ይተረተራል፣ ከተተረተረ ደሙን ማቆም ያስቸግራል፣ ያኔ ሕይወቴን ለማትረፍ ማህፀኔን ማውጣት ሊመጣ ይችላል።

"ልቡ ይመታል?" አልኩት።

"ይመታል።"

ምነው ባልጠየቅኩ።

ለነገ ሆስፒታል ጽፎልኛል። ቤት ገብቼ ለማን እንደምናገር አሰብኩ።

ለዮናስ፦ የግድ። ጭነት ይዞ ድንበር ላይ፣ ደወሌ ጉምሩክ ተሰልፏል።

ለፋጡማ፦ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው፤ ብደብቃትም ፊቴን አይታ ትጨርሰዋለች።

ለእማዬ፦ በጭራሽ! ልቡ ይመታል ካልኳት አለቀ። ጸበሉ፣ ስለቱ፣ "እግዚአብሔር የሰጠውን እንዴት..." እናቴን እወዳታለሁ፤ አሁን ግን አልችላትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ሆስፒታል። ሁለት ሐኪም፣ ሁለት ሐሳብ።

ትልቁ ሐኪም ጨዋ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አዩና "ልጅ አለሽ አይደል? ተመስገን በይ" አሉኝ። እሳቸው የሚሉት ሆድን ከፍቶ ማውጣት ነው። ደም ካስቸገረ ማህፀኑንም።

ልጅ አለኝ፣ ተመስገን። ግን ሁለተኛም እፈልጋለሁ። ይህን ጮክ ብሎ መናገር ምኑ እንደሚያሳፍር አላውቅም፤ ብቻ አፈርኩ። ሆኖም ተናገርኩት። "ዶክተር፣ ማህፀኔ እንዲተርፍ እፈልጋለሁ። ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ።"

ከጎናቸው ያለችው ዶክተር ሰሚራ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። ከኔ ብዙም አትበልጥም፤ ሻሿ ላይ እስክሪብቶ ሰክታለች። አወጣችውና ሳለችልኝ። ይህ ማህፀን፣ ይህ ጠባሳ፣ ይቺ ነጠብጣብ። "በጊዜ ነው የመጣሽው፤ ደሙም ጥቂት ነው። በአልትራሳውንድ እያየን በቀጭን መርፌ መድኃኒት እንሰጠዋለን። ማደጉን ያቆማል፣ ከዚያ ሰውነትሽ ራሱ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ማህፀንሽ አይነካም። ግን ቃል አልገባልሽም። ደም ከፈሰሰ ቀጥታ ኦፕራሲዮን ነው። ያኔ የሚቀድመው ሕይወትሽ ነው። ይህን አውቀሽ ነው የምትፈርሚው።"

ትልቁ ሐኪም ትንሽ አሰቡና "ደም ይዘጋጅ፤ እሷም ከከተማ አትውጣ። ይሞከር" አሉ። አልተጣሉም። እኔማ እንዲጣሉልኝ ፈልጌ ነበር። ቢጣሉ ማን ልክ እንደሆነ የማውቅ መሰለኝ።

ዮናስ በስልክ፦ "ያውጡት። ሁሉንም ያውጡት። አንቺ ብቻ ኑሪልኝ።"

"አንተ ጎማህ በፈነዳ ቁጥር ሞተር ታወርዳለህ?" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረበት። ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም። አፍንጫውን ጠራረገና "እሺ በቃ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን" አለ። ፈረምኩ።

ለሚዘጋጅልኝ ደም ምትክ ሁለት ሰው ይስጥ ተባለ። ፋጡማ ከነባሏ ሄዳ ሰጠች። ጥጡን ክንዷ ላይ እንደለጠፈች መጥታ "የኔ ደም ከገባብሽ፣ አቦ፣ ለደንበኛ ሁሉ ዋጋ መቀነስ ታቆሚያለሽ" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ከዚራ አንድ ፋርማሲ አለ ተባለ፤ ግን እኩለ ቀን ሆኗል። ድሬ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ መንገዱ የፀሐይና የድመት ነው። ሰው ሁሉ ዘግቶ ወይ ተኝቷል ወይ ፍራሹ ላይ ጫቱን ይዞ ጋደም ብሏል። ፋጡማ በባጃጅ ሄዳ ፋርማሲው በር ላይ አልቆመችም፤ የባለቤቱን ቤት አፈላልጋ በሩን ደበደበች። ሰውዬው ወረቀቱን አይቶ "ይህ የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ማን ነው የታመመው?" ሲላት "ካንሰር አይደለም ዋላሂ! ቦታ የሳተ ፅንስ ነው፣ ተነስ!" ብላ ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሳለች። እንዲያ ሳቄን አፍኜ ነው ወደ መርፌው የገባሁት።

ዶክተር ሰሚራ "ማያውን ላዙርልሽ ወይስ ይቅር?" አለችኝ።

"ይቅር" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ "አንዴ ብቻ" አልኩ።

አየሁት። የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ነው። መሐሉ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ይቅርታ አልኩት በሆዴ። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሕመሙ እንደፈራሁት አይደለም። ጫን አድርጎ ወጋኝ፣ ከዚያ ግፊት ብቻ ነው። ዶክተር ሰሚራ "ቆሟል" አለች፣ ለመስማት በሚከብድ ድምፅ።

አለቀስኩ። ነርሷ እጄን ያዘችኝ። እስክጨርስ አልለቀቀችኝም። ስሟን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ደም አልፈሰሰም። እዚሁ አድራለሁ። ማህፀኔ አለ። ለዛሬ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ወጣሁ። የተከለከልኩት ይህ ነው፦ ከባድ ዕቃ ማንሳት። ከዮናስ ጋር መተኛት (እሱን ደወሌ ከልክሎልኛል)። ለወራት ስለ እርግዝና ማሰብ። ፎሊክ ያለበት ማንኛውም ኪኒን፤ መርፌውን ያከሽፈዋል። እና ፀሐይ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ቆዳ ታቃጥላለች።

ፀሐይ! በድሬዳዋ! በግንቦት! ዶክተር ሰሚራ ራሷ ስትነግረኝ ሳቋ አመለጣት። ፋጡማ ከሱቋ ድንኳን የሚያህል ሐምራዊ ጥላ አምጥታ "በቃ ከዛሬ ጀምሮ ሙሽራ ነሽ" አለችኝ።

የጀመርኩትን የፎሊክ ኪኒን አልጣልኩትም። ብረት የተቀላቀለበት ነው፣ ያ ቀዩ። ቅርጫቱ ላይ ቆሜ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን እፈልገዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እሱን መጣል ሁለተኛውን ልጅ መጣል መስሎ ታየኝ፤ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

እማዬ ከሰፈሯ ከሳቢያን መጣች። ቤዛ ናት፣ "እማሚ ሆስፒታል አደረች" ብላ በስልክ ያወጣችው። ጉድ ፈላ!

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ደም አነሰኝ።"

ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። እማዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች። "ነጥተሻል እኮ! ጨርቅ መስለሻል!" አለችና ሳትቀመጥ ቀይ ስር ልትገዛ ወጣች። እስክድን እዚሁ ልትሰነብት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጭማቂውን እያጠጣችኝ "አሁንም ኪኒን አትውጪም አይደል?" ብላ ሳቀችብኝ። ልጅ ሆኜ ወባ ሲይዘኝ ኪኒኑን እተፋባት ነበር። እሷ ታዲያ ፈጭታ ማንጎ ጭማቂ ውስጥ ደብቃ ታጠጣኝ ነበር። እስካሁን ማንጎ ስቀምስ መራራውን እጠብቃለሁ። ሳቅን። ደስ አለኝ፣ አብራኝ በመሆኗ።

አርብ፣ ግንቦት 8

ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ቀይ አየሁ። ተንበርክኬ ፋጡማ ጋ ደወልኩ።

"ምን በልተሻል?"

"ምንም! ቀይ ስር ብቻ..."

"ዋላሂ አንቺ ጅል ነሽ" አለችኝ።

ቀይ ስሩ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ እስኪደክመኝ ሳቅሁ።

ዮናስ ገባ። አቧራውን ሳያራግፍ ነው ያቀፈኝ። "ተሰባሪ" ተብሎ እንደተለጠፈበት ካርቶን በሁለት እጁ ይዞኝ ይዞራል። እማዬ ፊት ምንም ማውራት አልቻልንም። ግቢ ወጥተን በሹክሹክታ ጨረስነው። "ለእናትሽ ንገሪያት" አለኝ። ማክሰኞ የደም ምርመራዬ ውጤት ከመጣ በኋላ አልኩት። "እንደ ልብሽ፤ ግን ይቆጭሻል።" ተናደድኩበት። ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ቀይ ስሩ ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ከሰዓት አንድ ብርጭቆ ነው። ብረት ብረት ይለኛል። "ደም የሚሆነው እሱ ነው" ትላለች እማዬ። አፍንጫዬን ይዤ እጨርሰዋለሁ።

ሆዴን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገኛል። ይኖራል ብለውኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ቁጥሩ ጨመረ።

የእርግዝናው ሆርሞን ደም ውስጥ ያለው መጠን ነው። እሱ ከወረደ መርፌው ሠርቷል፣ ማህፀኔም ተረፈ። ዶክተር ሰሚራ ወረቀቱን አይታ ፊቷን አልቀየረችም። "መጀመሪያ ላይ ከፍ ማለት ያለ ነው፤ አትደንግጪ። ዋናው የማክሰኞው ነው። ከዛሬው መውረድ አለበት።"

"ካልወረደስ?"

"ሁለተኛ መርፌ። ወይ ኦፕራሲዮን።" ቀና ብላ አየችኝ። "ፎሊክ ያለበት ነገር አልወሰድሽም አይደል?"

"ኧረ በፍጹም!" አልኳት። እንዴት እንደኮራሁ!

ቤት ገብቼ የከሰዓቱን ቀይ ስር ጠጣሁ። መጨረሻው ላይ ጥርሴ ስር ቅጭጭ አለ። አፈር መስሎኝ ተፋሁት። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጌ አየሁ። እታች ቀጭን፣ አንጸባራቂ ቀይ ቅርፊት ተለጥፏል። ቀይ ስር ቅርፊቱ አያንጸባርቅም።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ከኪኒኑ ብዙው የለም።

ወጥ ቤት ገባሁ። ትንሿ ሙቀጫ ታጥባ ተደፍታለች። "እማዬ፣ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ኪኒን ምን አደረግሽው?"

ደስ ብሏት ነው የመለሰችልኝ። እሱ ነው የገደለኝ። "አገኘሁብሽ! የደም ኪኒን ታዞልሽ መሳቢያ ውስጥ ትደብቂያለሽ? መቼ ነው ልጅነትሽ የሚለቅሽ? ይኸው ከመጣሁ ጀምሮ ፈጭቼ አጠጣሁሽ፣ አላወቅሽም!"

ጮኽኩባት። በሕይወቴ እናቴ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፤ እርግዝናውን፣ ጠባሳውን፣ መርፌውን፣ ኪኒኑ መርፌውን እንደሚያከሽፍ፣ ማህፀኔን ሊያወጡት እንደሚችሉ። ልቡ ይመታ እንደነበርም። እንደቆመም።

እማዬ ሙቀጫዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ቀረች። ሙቀጫዋን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ወጣች። ዮናስ ላድርስሽ ብሎ ተከተላት፤ በእጇ ከልክላው በባጃጅ ሄደች።

ዶክተር ሰሚራ ጋ ደወልኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። "አሁኑኑ አቁሚ። የጨመረው በኪኒኑ ይሁን በራሱ ጊዜ፣ ዛሬ መለየት አይቻልም። ማክሰኞ እናያለን። ብርቱ ሕመም ወይ ደም ካየሽ ግን ደቂቃ ሳትቆዪ ነይ።"

በእማዬ ላይ ንዴቴን ላቆየው ፈልጌ አልሆነልኝም። ደም አነሰኝ አልኳት፣ ደም ሰጠችኝ። ምን ጥፋት አላት?

እሁድ፣ ግንቦት 10

እማዬ ስልክ አታነሳም። ዮናስ "ልሂድና ላምጣት" ሲል አይሆንም አልኩ፣ ከዚያ ሂድ አልኩት፣ ከዚያ ተመለስ አልኩት። ቤዛ እንኳ ሰለቻት።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በሩ ተንኳኳ። እማዬ ናት፣ ዓይኗ አብጧል። ቀይ ስር አልያዘችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ልቡ ይመታ ነበር እማዬ። ገደልሽው ትይኛለሽ ብዬ ነው።"

ዮናስ ቤዛን ይዞ ወጣ።

"አዝኛለሁ" አለች። "አልዋሽሽም፣ ለሱም አዝኛለሁ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አልቅሼለታለሁ። ግን እኔ የወለድኩት አንቺን ነው።"

ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። እንደ ቤዛ ነው ያለቀስኩት፣ ጭኗ ላይ ተደፍቼ። እሷም "በእጄ... በገዛ እጄ ፈጭቼ..." እያለች። ማናችን ማናችንን እንደምናባብል አይታወቅም ነበር።

ፋጡማ መጣች፤ የሁለታችንንም ፊት አየች። ወጥ ቤት ገብታ የተረፈውን ቀይ ስር ከነፌስታሉ አንጠልጥላ "ይህን እኔ እወስደዋለሁ፣ ደም የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች። እማዬ በዚህ ሳቀች።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዝም ብዬ ቤት ከምቀመጥ ሱቅ ሄድኩ። ፋጡማ ወንበሬን ወደ ጥላው ስባ "እዚህ ተቀመጪ፣ ምንም አታንሺ፣ አፍሽን ብቻ ተጠቀሚ" አለችኝ። መጋረጃውን ከመደርደሪያ የምታወርደው እሷ፣ ዋጋ የምከራከረው እኔ። አንዷ ደንበኛ ጨርቁን ጎተት ጎተት እያደረገች "ይይዛል?" አለችኝ። "እንግዲህ እንጃ" ብዬ እርፍ! ፋጡማ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሴትየዋ ሳትገዛ ሄደች።

ቁርጠቱ ቀንሷል። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ? በየደቂቃው ሆዴን አዳምጣለሁ። ካልወረደ ሁለተኛ መርፌ። እሱም እምቢ ካለ ትልቁ ሐኪም ያሉት። አንዴ "ቤዛ አለችልኝ" እላለሁ፣ አንዴ ደግሞ ገና ያልመጣችውን የሌላኛዋን ፀጉር በሐሳቤ ስሠራ ራሴን አገኘዋለሁ።

እማዬ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች። "ቀኑም ሚካኤል ነው" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ጠዋት ለምርመራው ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ከሰዓት ነው ተባለ። ዮናስ መኪናው ላይ ጭነት እያስጫነ በየአፍታው ይደውላል። "እስካሁን የለም" እያልኩ እዘጋበታለሁ። እማዬ አግዳሚው ላይ ጥላዬን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

ስሜ ተጠራ። ብቻዬን ገባሁ።

ዶክተር ሰሚራ መጀመሪያ አልትራሳውንድ አደረገችልኝ። ማያው ላይ መስመር እያሰመረች ለካች። ከዚያ ወረቀቱን አነሳች።

"ወርዷል።"

"ምን ያህል?"

"ከፈለግነው በላይ። እዚያ አካባቢ ያለው የደም ዝውውርም ቀንሷል። ሁለተኛ መርፌ አያስፈልግሽም፤ ለአሁኑ።" ፈገግ አለች። "ከረጢቱ ራሱ ጠፍቶ እስኪያልቅ ወራት ሊወስድ ይችላል። ቁጥሩ እስኪጠፋ በየሳምንቱ ትመጫለሽ። ገና አላለቀም እሺ? ግን ማህፀንሽ አለ።"

"ወደፊት ልጅ...?"

"ያኔ ገና ሲጀምር፣ ከሁሉ በፊት እኔ ጋ ትመጫለሽ። ቦታውን አብረን እናያለን።" ይሆናል አላለችም። አይሆንም ደግሞ አላለችም። ለኔ በቂ ነው።

ትልቁ ሐኪም ኮሪደሩ ላይ አገኙኝና "ተመስገን በይ" አሉኝ እንደገና። ዛሬ ከልቤ አልኩላቸው።

እማዬ ስታየኝ ተነሳች። መጠየቅ ፈራች።

"ወረደ እማዬ።"

እዚያው ኮሪደሩ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ ያን ሐምራዊ ድንኳን ገና ሳንወጣ ከፈተችው። በረኛው ሳቀ፣ ነርሶቹ ዞር ብለው አዩን። ክንዴን ይዛ እስከ ባጃጁ ድረስ ወሰደችኝ። ጥላውን ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ነበር የያዘችው። እሷ በዚያ ንዳድ ፀሐይ ላይ ነበረች፤ ወደኔ ነይ ብላት "እኔን አልከለከሉኝም" አለችኝ።

ባጃጁ ውስጥ ለዮናስ ደወልኩ። "ወረደ" ስለው ክላክሱን ነፋው፣ አላቋረጠም። እማዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ሰማችውና "ምነው፣ መንገድ ተዘጋበት እንዴ?" አለች።

ታይዋን ጋ ስንደርስ ባጃጁን አስቆመች። ማንጎ ገዛች። መርጣ፣ አሽትታ፣ ከነጋዴው ተከራክራ። ቤት ገብተን እፊቴ ተቀምጣ በቢላ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ጭማቂ አላደረገችውም። "እያየሽ ብዪው" አለችኝ።

ጣፋጭ ነው። መራራውን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ለሳምንቱ ማክሰኞ እንደገና ደም እሰጣለሁ።